የሰሜን ስፔን የባሕር ዳርቻ ገበሬዎች በተቆራረሰ መሬት የወተት ሀብት እንዴት አፈሩ? ለጂማስ የሚበጀው የትኛው ነው?

ጠያቂ፦ የሰቃ ጨቆርሳ ወተት አምራች

በቅድሚያ ለመድረኩ አባላት የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። የምኖረው ከጂማ ከተማ ወጣ ብሎ በሰቃ ጨቆርሳ ወረዳ ሲሆን፣ ቡና አመርታለሁ፣ በቆሎ እዘራለሁ፣ ሁለት ዲቃላ ላሞችንና አንዲት ጊደርንም አስሬ እቀልባለሁ። መሬቴ ሲደመር አንድ ሄክታር ግድም ቢሆንም ኩታ ገጠም አይደለም። ቡናው ጓሮዬ ውስጥ ነው፣ በቆሎው ከጅረቱ ማዶ ነው፣ የቀረው ቁራሽ ደግሞ አባቴ ባሕር ዛፍ የተከለበት ተዳፋት ነው።

ሰሞኑን ስለ ሰሜን ስፔን የባሕር ዳርቻ ግብርና ስመለከት ነገሩ አስገረመኝ። አካባቢው ዝናባማና ኮረብታማ ነው፣ አፈሩ አሲዳማ ነው፣ መሬቱ በውርስ ተቆራርሶ ያለቀ ነው፣ በቆሎና ባሕር ዛፍም በየቦታው ይታያል። ከባሕሩና ከብርዱ በቀር ከእኛ የሚለየው ብዙም አልታየኝም። ያም ሆኖ ያ አገር ለመላው ስፔን ወተት አቅራቢ ለመሆን በቅቷል፤ እኔ ግን ኅዳር ሲገባ የላሞቼ ወተት እየቀነሰ፣ ደረቅ የበቆሎ አገዳ እየሰጠሁ በጋውን እገፋለሁ።

ስለዚህ ልጠይቅ የምፈልገው እንዲህ ነው። እነዚያ ገበሬዎች ውጤታማ የሆኑት በላሞቻቸው ዝርያ ነው፣ በመኖ አያያዛቸው ነው ወይስ በገበያው? ባሕር ዛፌንስ ነቅዬ ሣር ብተክል ያዋጣኛል? ጉዳዩን በቅርብ የምታውቁ ሰዎች ብታስረዱኝ ምስጋናዬ ከልብ ነው።

መልስ 1፦ ሉጎ የተማረ የእንስሳት ሐኪም

ኦቦ፣ ጥያቄዎን በደስታ አነበብሁት። በጋሊሲያ በምትገኘው በሉጎ ከተማ ስማር ወደ ገበሬዎቹ በረት የመግባት ዕድል ስለነበረኝ፣ ያየሁትንና የተማርሁትን ላካፍልዎ።

አካባቢው ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ጋሊሲያን፣ አስቱሪያስን፣ ካንታብሪያንና የባስክን ምድር ይዞ በአትላንቲክና በቢስኬ ባሕረ ሰላጤ ዳር የተዘረጋ ነው። ከጀርባው ያለው የካንታብሪያ ተራራ ሰንሰለት ከባሕር የሚመጣውን እርጥበት ስለሚያስቀረው፣ ከተራራው ወዲህ ያለው አገር ዓመቱን ሙሉ ሲለመልም ከተራራው ወዲያ ያለው ስፔን ደረቅ ነው። የጋሊሲያ ዋና ከተማ ሳንቲያጎ ዴ ኮምፖስቴላ በዓመት ወደ 1,800 ሚሊ ሜትር ዝናብ ስታገኝ ማድሪድ የዚያን ሩብ ያህል ብቻ ነው የምታገኘው። ስለዚህ ስፔን ሲባል የወይራ ዛፍና የጠራራ ፀሐይ የሚታየው ሰው ወደዚህ ሲመጣ ሌላ አገር የገባ ይመስለዋል።

የመሬቱን መቆራረስ በተመለከተ ግምትዎ ትክክል ነው፤ እንዲያውም ከእኛ የባሰ ነው ለማለት እደፍራለሁ። ውርስ ለልጆች ሁሉ ሲከፋፈል ኖሮ፣ አንድ ቤተሰብ በደርዘን በሚቆጠሩ ስፍራዎች በድንጋይ አጥር የታጠረች ቁራሽ መሬት ይዞ መገኘቱ የተለመደ ነበር። የስፔን መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1952 መሬትን አቀያይሮ ኩታ ገጠም የማድረጊያ ሕግ አወጣ፤ ነገር ግን ሥራው በጋሊሲያ አሥርት ዓመታትን የፈጀ ከመሆኑም በላይ ዛሬም ያላለቀባቸው መንደሮች አሉ። ይህን የማነሣው የወተቱ ዕድገት መሬቱ እስኪሰበሰብ ድረስ እንዳልጠበቀ ለማሳየት ነው።

ቀድሞ እርሻው ከእኛ ድብልቅ እርሻ ብዙም የተለየ አልነበረም። ጥቂት ላሞች ያርሳሉ፣ ይታለባሉ፣ ጥጃና ፍግ ይሰጣሉ። በቆሎ ከአሜሪካ ወደዚያ የገባው በ17ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ግድም ሲሆን፣ እርጥበት ስለሚወድ ከአጃና ከማሽላ መሰል እህሎች ይልቅ ተመቻቸውና ከባቄላ ዘሮች ጋር አሰባጥረው ይዘሩት ጀመር። በረቱን የሚጎዘጉዙት ከወል ተራራው በሚታጨድ እሾኻማ ቁጥቋጦ ነበር፤ ከብቱ ሲረግጠውና ከፍጉ ጋር ሲበሰብስ የማሳው ዋና ማዳበሪያ ይሆናል። በባሕሩ ዳርቻ ያሉት ደግሞ ማዕበል የሚተፋውን የባሕር አረም በጋሪ እየሰበሰቡ ማሳቸው ላይ ይበትኑት፣ የዛጎል ድቃቂውንም እንደ ኖራ ይጠቀሙበት ነበር። ዛሬም ከጋሊሲያ የታሸገ ባሕር ምግብ ፋብሪካዎች የሚወጣው መስል የተባለው የባሕር እንስሳ ዛጎል ተፈጭቶ ለአሲዳማ ማሳ ይውላል።

ስለ ጎተራቸው ሳልናገር ማለፍ አልሆነልኝም። በቆሎውን ከነቆረቆንዳው የሚያከማቹበት «ኦሬዮ» የሚባል ጎተራ በድንጋይ ምሰሶዎች ላይ የቆመ ሲሆን፣ በእያንዳንዱ ምሰሶ ጫፍ ላይ ሰፋ ያለ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይደፋበታል፤ አይጥ ምሰሶውን ብትወጣም ያን ድንጋይ ዞራ ማለፍ አትችልም። ግድግዳው ንፋስ የሚያስገቡ ቀጫጭን ክፍተቶች ስላሉት እህሉ በዚያ ሁሉ እርጥበት ውስጥ አይሻግትም። የእኛም የሰቃና የቀርሳ ጎተራ ከመሬት ከፍ ያለ ቢሆንም እግሮቹ ባዶ ናቸው፤ በእያንዳንዱ እግር ላይ የቆርቆሮ ቆብ ቢደፋበት ለአይጥ የምንገብረው በቆሎ በብዙ ይቀንስ ነበር። ይህን ለብቻው ሌላ ጊዜ ብንወያይበት ደስ ይለኛል።

ወደ ወተቱ ልመለስ። ለውጡ የተጀመረው በካንታብሪያ ሲሆን፣ በዚያ «ፓሲዬጎ» የሚባሉ ከብት አርቢዎች ሣር ወደ ላሚቱ ከማምጣት ይልቅ ቤተሰቡን ይዘው ከአንዱ የሣር መስክ ወደ ሌላው የሚዘዋወሩ ነበሩ። በየመስኩ የድንጋይ ጎጆ አላቸው፤ ከታች ከብቱ፣ ከላይ ድርቆሹ ይቀመጥበታል። እነዚህ ሰዎች በ19ኛው ምዕተ ዓመት መገባደጃ ከሆላንድ ጥቁርና ነጭ ላሞችን አስመጥተው የአገራቸውን ቀይ ላም ተኩ፣ አንዳንዶቹም ማድሪድ ድረስ ሄደው በከተማው መሐል በረት ከፍተው ወተት ሸጡ። እ.ኤ.አ. በ1905 ኔስሌ በስፔን የመጀመሪያ ፋብሪካውን እዚያው ካንታብሪያ ውስጥ በላ ፔኒያ ሲያቋቁም ወተቱ ቋሚ ገዥ አገኘ። በአስቱሪያስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ገበሬዎቹ ራሳቸው ተደራጅተው ሴንትራል ሌቼራ አስቱሪያና የተባለውን የወተት ድርጅት መሠረቱ፤ ዛሬ በመላው ስፔን የሚታወቅ ስም ነው። ጋሊሲያ ዘግይታ ብትገባም ሁሉንም ቀድማ ሄደች።

እንግዲህ ለጥያቄዎ የምሰጠው መልስ፣ ዝርያው ከገበያውና ከመኖው በኋላ የመጣ ነው የሚል ነው። ዝናብ ቢጥልም፣ መንገዱ ጭቃ ቢሆንም በየመንደሩ እየዞረ ወተት የሚሰበስብ መኪና ከተገኘ በኋላ ገበሬው ለላሚቱ ገንዘብ ለማውጣት ደፈረ። ያኔ አሲዳማውን ማሳ ኖራና ፎስፈረስ አልብሶ ራይግራስ የተባለ የመኖ ሣርና ነጭ ማገጥ ዘራበት፤ በበልጋቸው የሚትረፈረፈውን ሣር ዝናቡ ድርቆሽ ስለማያደርቅለት ሳይሌጅ ማድረግን፣ ማለትም እርጥቡን መኖ አየር በማያገኝበት ቦታ አምቆ ማቆየትን ተማረ። የተሻለችው ላም የመጣችው ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ይሁንና ሌላውንም ገጽታ መደበቅ ተገቢ አይደለም። ጋሊሲያ ዛሬ ከስፔን ወተት 40 በመቶ ያህሉን ታመርታለች። ነገር ግን ስፔን እ.ኤ.አ. በ1986 የአውሮፓን ማኅበረሰብ ስትቀላቀል ከ100 ሺህ በላይ የነበሩት የጋሊሲያ ወተት አምራቾች ዛሬ 10 ሺህ እንኳ አይሞሉም። በመካከሉ የወተት ኮታ፣ ማለትም እያንዳንዱ ገበሬ ሊሸጥ የሚችለው የወተት መጠን ገደብ መጣ፣ ገንዘብ የሌለው ኮታውን ሸጦ ወጣ፣ ልጆቹ ወደ ከተማ ሄዱ። ኮታው እ.ኤ.አ. በ2015 ሲነሣ ዋጋው ወረደ፣ ገበሬዎችም ትራክተሮቻቸውን ይዘው የሉጎን ጎዳናዎች ዘጉ። እኛ የምናየው ያማረ መስክ ተርፈው የቀሩት ሰዎች መስክ ነው፤ ስለወጡት ብዙኃን ፎቶግራፍ የሚያነሣ የለም።

መልስ 2፦ የመኖ ባለሙያ፣ ጂማ

ዶክተር ያቀረቡት ማብራሪያ እጅግ ጠቃሚ ነው። እኔ ደግሞ ነገሩን ወደ ጂማ አፈርና ወቅት አምጥቼ ልናገር፤ ተመሳሳይነቱ ከላይ እንደተባለው ብዙ ቢሆንም፣ ልዩነቱን ያላየ ሰው ከስፔን ዘር አስመጥቶ ገንዘቡን ሊያባክን ይችላልና።

በዚያ ዝናቡ የሚበረታው በመኸርና በክረምታቸው፣ ማለትም ብርዱ ሣሩን በሚያስተኛበት ጊዜ ሲሆን፣ በጋቸው ሲደርስ ደግሞ እርጥበቱ ይቀንሳል። ሣራቸው በዓመት ሁለት ጊዜ ይዝላል ማለት ነው። በጂማ ግን በ1,700 ሜትር ከፍታ ላይ ሣርን የሚያስተኛ ብርድ የለም። ዝናባችን በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ይጠጋል፣ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ይዘልቃል፤ ችግራችን ከኅዳር እስከ የካቲት ያለችው አንድ ክፍተት ብቻ ናት። ከመኖ አንጻር እኛ ከእነሱ የተሻለ አየር አለን ብል ማጋነን አይሆንብኝም። የጎደለን ከሐምሌ እስከ መስከረም ጓሮውን የሚውጠውን አረንጓዴ ለጥር ማቆየት ነው።

ጠያቂው ሁለት የሚታለቡ ላሞች አሏቸው። 400 ኪሎ ግራም የምትመዝን ላም በቀን ከ10 እስከ 12 ኪሎ ግራም ደረቅ መኖ ያስፈልጋታል፤ ይህ በእርጥብ ዝሆኔ ሣር ሲሰላ ከ50 እስከ 60 ኪሎ ግራም ነው። በበጋ ወራት ግማሽ ያህሉ በአገዳ፣ በገለባ፣ በፉርሽካና በፋጉሎ ይሸፈናል ብንል እንኳ ለእያንዳንዷ ላም በቀን 20 ኪሎ ግራም ሳይሌጅ ቢሰጣት ወተቷ አይወድቅም። ይህ ለሁለቱ ላሞች በ100 ቀን 4 ሺህ ኪሎ ግራም ይሆናል። በእግር በደንብ የተረገጠ ሳይሌጅ አንዱ ሜትር ኩብ 500 ኪሎ ግራም ያህል ስለሚይዝ፣ ርዝመቱ 4 ሜትር፣ ስፋቱ 2 ሜትር፣ ጥልቀቱ 1 ሜትር የሆነ ጉድጓድ ይበቃቸዋል። ውኃ የማይቋጥር፣ ወደ አንድ ጎን ዘንበል ያለ ቦታ ተመርጦ መቆፈር አለበት፤ በእኛ አገር ሳይሌጅ የሚበላሽባቸው ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ጉድጓዱን የጎርፍ መንገድ ላይ የቆፈሩት ናቸው።

ለጉድጓዱ የሚሆነው በቆሎ ከአንድ ጥማድ ባነሰ መሬት ላይ ይገኛል። ፍሬው የወተትነት ዘመኑን ጨርሶ እንደ ሊጥ ሲለሰልስ ከነአገዳው ይታጨዳል፣ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ተደርጎ ይከተፋል፣ በስስ በስሱ እየተነጠፈ ይረገጣል፣ ከዚያም በፕላስቲክ ተሸፍኖ አፈርና ድንጋይ ይጫንበታል። ቁም ነገሩ አየር ማስወጣት ነው፤ ስለዚህ መሙላቱ በአንድ ቀን ቢያልቅ ይመረጣል፣ ለዚህም ደቦ መጥራት ያስፈልጋል። ዝሆኔ ሣርም ይሆናል፣ ነገር ግን ስኳሩ አነስተኛ ስለሆነ ሞላሰስ (የስኳር ፋብሪካ ተረፈ ምርት) ከተገኘ ከ3 እስከ 4 በመቶ መርጨት ወይም ከበቆሎው ጋር መደባለቅ ይሻላል። ከስድስት ሳምንት በኋላ መክፈት ይቻላል።

ስለ ዘሩ፣ ራይግራስ ለእኛ ወይና ደጋ አይሆንም፤ የስፔኑን ቪዲዮ ያየ ሁሉ ዘሩን ሲጠይቀኝ ነው የሚውለው። ለሰቃ ዝሆኔ ሣር፣ ደሾና ሮደስ የተባሉት ሣሮች፣ በበቆሎው መሐል ላብላብ የተባለው የመኖ ጥራጥሬ፣ በአጥር ዙሪያ ሰስባኒያና ሉኪንያ የተባሉት የመኖ ዛፎች ይበቃሉ፤ ለዴዶ ደጋ ደግሞ ትሪ ሉሰርን የተባለው የመኖ ዛፍ ይስማማል። የእንሰት ቅጠል በጥርና በየካቲት ለከብት መስጠቱን እናቶቻችን ያውቁታል፤ ውኃው ብዙ ነውና ከጥራጥሬ መኖ ጋር ይቀላቀል። የቡና ገለባን ግን ለላም መስጠት አልመክርም፤ ካፌይኑና ታኒኑ ይጎዳታል፣ ቦታው የኮምፖስት ጉድጓድ ነው።

ዝርያን በሚመለከት፣ ጋሊሲያ የሌለባት ሸክም እኛ ላይ እንዳለ አይዘንጋ። ወደ ጊቤ ሸለቆ ዝቅ ሲባል የቆላ ዝንብ የሚያስተላልፈው ገንዲ አለ፣ በደጋውም መዥገር የሚያመጣቸው በሽታዎች አሉ። እነሱ ሳንባ ነቀርሳንና ውርጃ በሽታን ለብዙ ዓመታት እየመረመሩ፣ የታመመውን እያስወገዱና ለባለቤቱ ካሳ እየከፈሉ ነው የቀነሱት። በእኛ ሁኔታ የሆልስታይን (የጥቁርና ነጭ የወተት ላም ዝርያ) ደሟ ከ50 በመቶ ብዙም ያልራቀ ላም በአንድ ሄክታር ገበሬ እጅ ላይ ከንጹሕ ደሟ የበለጠ ታተርፋለች የሚል እምነት አለኝ። ከተቻለ አርሶ አደሩ ጊደሯን ከማስዳቀሉ በፊት ጉድጓዱን ይቆፍር።

መልስ 3፦ ከዴዶ፣ የተፈጥሮ ሀብት ባለሙያ

የባሕር ዛፉ ጥያቄ ሳይመለስ መቅረት የለበትም፤ በጋሊሲያና በእኛ መካከል እጅግ የሚያስተምረው ታሪክ ይህ ነውና።

ሁለቱም አገሮች በብዛት የተከሉት ያንኑ ነጭ ባሕር ዛፍ ነው። ወደ እኛ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የአዲስ አበባን የማገዶ ችግር ለማቃለል ሲሆን፣ ወደ ጋሊሲያም የገባው በዚያው በ19ኛው ምዕተ ዓመት ነው። በእነሱ ዘንድ በእጅጉ የተስፋፋው ግን በ20ኛው ምዕተ ዓመት የወረቀት ጥሬ ዕቃ ፋብሪካ ሲቋቋምና ወጣቱ መንደሩን ሲለቅ ነው። ጉልበት የማይጠይቅ፣ ባለቤቱ ከተማ ተቀምጦ እንኳ የሚያድግለት ሰብል ስለሆነ፣ ቀድሞ ላም ይግጥበት የነበረው መስክ ዛፍ ዋጠው። ከዚያ በፊት፣ በስፔኑ አምባገነን በፍራንኮ ዘመን፣ መንግሥት የመንደሮቹን የወል ተራራ ወስዶ ጥድ ሲተክልበት ከብት አርቢው ግጦሹን አጥቶ ነበር፤ የወል ባለቤትነቱ ለመንደሮቹ በሕግ የተመለሰው ዘግይቶ ነው። ሰው የሌለበትና ጥድና ባሕር ዛፍ የሞላበት ተራራ ደግሞ እሳት ይወዳል፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ነሐሴና በ2017 ጥቅምት ጋሊሲያን ያቃጠሉት እሳቶች በዚያ ዛሬም ይወሳሉ። የጋሊሲያ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው የእርሻ መሬት ማስመለሻ ሕግ አዲስ የባሕር ዛፍ ተከላን ለዓመታት እስከማገድ ደርሷል።

ይህን ስል ጠያቂው ነገ መጥረቢያ ይዘው ይውጡ ማለቴ አይደለም። ባሕር ዛፍ ለገበሬያችን ባንክ ነው፤ የልጅ ትምህርት፣ የቆርቆሮ ቤት፣ የሐኪም ወጪ ከእርሱ ይወጣል። ተዳፋቱ አቀበት ከሆነ ከላይ ያለው ክፍል በዛፍ ቢቆይ አልቃወምም። ታች ለጥ ባለው ቦታ፣ በተለይም ከጅረቱ አጠገብ፣ ዛፉ ሲቆረጥ እንደገና እንዲያቆጠቁጥ መተው ተገቢ አይደለም፤ ጉቶው ተነቅሎ በእርከን ላይ ደሾ ቢተከል አፈሩም ይያዛል፣ ሣሩም በየሁለት ወሩ ይታጨዳል። ጉቶ መንቀል ከባድ ሥራ ነው፣ ከአንድ ቆረጣ ወደ ቀጣዩ በትንሽ በትንሹ ይሠራ። ከዛፉ ሥር ለዓመታት የቆየ አፈር ስለሚደክምም የመጀመሪያውን ዓመት በፍግ ሳይረዱት ብዙ ምርት አይጠብቁ።

አንድ ተጨማሪ ነገር። ኩታ ገጠም እርሻ በስንዴና በበቆሎ ላይ ተለምዷል፤ ጎረቤታሞች በተያያዘ ማሳ አንድ ዓይነት ሰብል በአንድ ጊዜ ይዘራሉ። ይህንኑ ለመኖ በቆሎ ብናውለው፣ ማንም የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩን ሳይለውጥ፣ ስፔኖች በሕግና በብዙ ዓመት ድካም ካገኙት ጥቅም የተወሰነውን እናገኝ ነበር። መክተፊያ ማሽኑም ለአሥር አባወራ አንድ ይበቃል።

መልስ 4፦ ከአጋሮ፣ የሴቶች ወተትና ቅቤ ማኅበር አባል

ወንድሞቼ፣ ሁላችሁም ስለ ሣሩና ስለ ዛፉ ተናገራችሁ፤ የወተቱ ገንዘብ የማን ይሆናል የሚለውን ግን አላነሣችሁትም። በእኛ አካባቢ ወተቱን የምትንጠውና ቅቤውን ለገበያ የምታወጣው ሴቷ ናት፤ የዘይቱ፣ የሳሙናው፣ የልጆቹ ደብተር ገንዘብ ከዚያ ይመጣል። ወተት ሰብሳቢ ማኅበር ሲቋቋም ግን መዝገቡ ላይ የሚሰፍረው የአባወራው ስም ነው፣ በወሩ መጨረሻ ከፍሎ የሚሰጠውም ለእርሱ ነው። ከላሚቱ ሥር የምትውለው ሴት ሥራዋ ጨምሮ ገቢዋ ሲቀንስ የጠዋቱ ወተት ወደ ማኅበሩ አይሄድም፤ ተደብቆ ቅል ውስጥ ይገባል። ብዙ የወተት ማኅበራት ወተት አጣን የሚሉበት አንደኛው ምክንያት ይኸው ነው ብዬ አምናለሁ።

ዶክተር፣ በዚያ አገር ይህ እንዴት ተፈታ?

የመልስ 1 ጸሐፊ፦ ሉጎ የተማረ የእንስሳት ሐኪም

እህቴ፣ ያነሡት ነጥብ በጋሊሲያም የታወቀ ነው። ወንዶቹ ወደ ባሕር፣ ወደ ላቲን አሜሪካና ወደ ስዊዘርላንድ ለሥራ ሲሰደዱ እርሻውን የያዙት ሴቶች ነበሩ፤ እስከ ዛሬም በጋሊሲያ እርሻን በኃላፊነት የሚመሩ ሴቶች ድርሻ ከስፔን አማካይ ከፍ ያለ ነው። ያም ሆኖ ብዙዎቹ ዕድሜ ልካቸውን አልበው ስማቸው በወረቀት ላይ ስላልነበረ ድጎማውም ጡረታውም በባል ስም ይሄድ ነበር። ስፔን እ.ኤ.አ. በ2011 ባልና ሚስት እርሻውን በጋራ ስም አስመዝግበው ገቢውን እኩል የሚካፈሉበትን ሕግ አወጣች። የተመዘገቡት ጥንዶች ቁጥር እንደታሰበው አልሆነም፤ ሕጉ ማንንም አያስገድድምና።

እኛ ዘንድ የይዞታ ደብተሩ አስቀድሞ የባልና የሚስትን ስምና ፎቶግራፍ በጋራ ይይዛል፤ በዚህ እኛ ቀድመናል። የወተት ማኅበሩ መዝገብ ያንኑ ቢከተል፣ ክፍያውም ለሁለት ቢከፈል፣ ማለትም የጠዋቱ ወተት ሂሳብ ለአባወራው፣ የማታው ደግሞ ለእርሷ ቢሆን፣ ምንም አዲስ ሕግ አያስፈልግም።

ጠያቂ፦ የሰቃ ጨቆርሳ ወተት አምራች

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የአጋሮዋን እህቴን አስተያየት ለባለቤቴ አንብቤላት በጉዳዩ ላይ ከእኔ ይልቅ ከእርሷ ጋር እንደምትስማማ ነግራኛለች። ጉድጓዱን ከመቆፈሬ በፊት ግን የቀረችኝን አንዲት ነገር ለመኖ ባለሙያው ላቅርብ። ሳይሌጅ ወተትን ያሸተዋል ሲባል እሰማለሁ። እውነት ነው? መበላሸቱንስ በምን ለይቼ አውቃለሁ?

የመልስ 2 ጸሐፊ፦ የመኖ ባለሙያ፣ ጂማ

እውነትነት አለው፣ መከላከያውም ቀላል ነው። ላሚቱ ሳይሌጁን ከታለበች በኋላ ትብላ፤ ከመታለቧ በፊት ባሉት ሰዓታት ከበላችው ሽታው በትንፋሿና በደሟ ወደ ወተቱ ይገባል። ወተቱም ክዳኑ ተከፍቶ ከሳይሌጅ አጠገብ አይቀመጥ።

ጥሩ ሳይሌጅ ወደ ቢጫ ያደላ አረንጓዴ ነው፣ ሽታውም እንደ ቦካ ሊጥ ደስ የሚል ኮምጣጣ ነው፤ በእጅ ሲጨበጥ ውኃ አያፈስም። ጠቁሮ የትምባሆ ሽታ ካመጣ አየር ገብቶ ግሏል ማለት ነው፣ የተበላሸ ቅቤ ከሸተተ ደግሞ ሲታጨድ እርጥበቱ በዝቶ ነበር። ሻጋታ የያዘውን ክፍል፣ ነጭም ይሁን አረንጓዴ፣ በዙሪያው ካለው አንድ ስንዝር ጋር አውጥተው ይጣሉት፤ በተለይ ላረገዘች ላምና ለጊደሯ ፈጽሞ አይሰጥ፣ ሊያስወርድ ይችላልና። ጉድጓዱ አንዴ ከተከፈተ በየቀኑ ከፊት ለፊቱ የዕለቱ መኖ ያህል ከላይ እስከ ታች እየተቆረጠ ይወሰድ፤ መሐሉን ብቻ እየቦረቦሩ ማውጣት የቀረውን ያበላሸዋል። ለላሞቹም በመጀመሪያው ሳምንት ከ5 ኪሎ ግራም ጀምረው ያለማምዷቸው።